ለአንድ መስመር መጋረጃ

ተረት ተረት፤ የመስታወት በረት።

በረቱ ስልክ ውስጥ ነው። ስሙ ዳግም ይባላል። ባል የሞተባት፣ ሚስት የሞተችበት፣ ፈትቶ የቀረ፣ ፈትታ የተገላገለች፣ ብቻ እንደገና ጎጆ መቀለስ የሚፈልግ ሁሉ ፎቶውን ሰቅሎ ዕጣውን የሚጠብቅበት መተግበሪያ ነው። ላጤ አይገባም። አግብቶ የማያውቅ ሰው ከመጣ "መጀመሪያ አንደኛውን ይሞክሩ" ብሎ ይመልሰዋል።

ትርሲት እዚያ ውስጥ ነበረች። አርባን አልፋለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ሥራዋ ሰው መኪና ማስተማር ነው። ቀኑን ሙሉ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ሊገድላት ይሞክራል፤ እሷ ደግሞ በእርጋታ "ፍሪሲዮን" ትላለች።

የምትፈልገው ነገር ትንሽ ነበር። አንድ መጋረጃ። ለአንድ መስመር።

መስመሩ ምንድን ነው? ዳግም ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ከፎቶው ሥር የቤቱን ምልክት ይጽፋል። አዲስ አበባ ውስጥ የመንገድ ስም ማን ያውቃል? ሰው ቤቱን የሚናገረው በምልክት ነው፤ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ዝግባዋ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ፣ ቀዩ በር። የዳግም ሰዎች ይህን አሰቡና ኮሩበት። ሌላው ካርታ ያድርግ፣ እኛ ምልክት እናደርጋለን አሉ። ቤቱን የማይናገር ሰው አይታመንም። የት እንደሚኖር የተናገረ አያታልልም። ምልክት ያልጻፈ አይገባም፤ ምልክቱን የዋሸ ይታገዳል። ሁሉም ነገር ለደኅንነት ሲባል ነበር።

ትርሲትም እውነቱን ጻፈች። "ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር።"

አንድ ሰው ጻፈላት። ትንሽ አወሩ። ደስ አላላትም፤ በትሕትና ተሰናበተችው። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አየችው። በማግሥቱም እዚያው ነበር። እህል ሳይዝ ወፍጮ ቤት የሚቀመጥ ሰው። እሷን ምንም አይላትም። አንድ ቀን ግን ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ "እናትሽ ደኅና ናት?" ብሎ ጠየቃት፤ በስሟ ጠርቶ።

ትርሲት ሰፈሩን ለቀቀች። ለዳግም አቤት አለች። ዳግም ሰውየውን አገደው፤ ሰውየው በሌላ ስምና በሌላ ፎቶ ተመልሶ ገባ። ያው ነበር። ሲጽፍላት አጻጻፉን አወቀችው።

ታዲያ ለምን ጥላው አልወጣችም?

በአምሃ ምክንያት። አምሃ መነጽር ሠሪ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፤ ቀስ ብሎ የሚጽፍ፤ ሲጽፍም የሚያስቅ። ስልክ ቁጥር ለመለዋወጥ ገና ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት "መኪና የሚፈራ ሰው ታስተምሪያለሽ?" ብሎ ጠየቃት። ፈገግ ብላ ልትመልስለት ስትል መተግበሪያው አፏን ዘጋው። በአቤቱታዋ ላይ ቤት መልቀቋን ጽፋ ነበርና፣ አዲሱን ምልክት እስክትጽፍ ድረስ የሰው ፎቶ ማየት እንጂ መልእክት መላክ አትችልም አላት።

አዲሱን ምልክት ብትጽፍ፣ እህል የሌለው ሰው ያነበዋል። ባትጽፍ፣ አምሃ ዝም ያለችው ጠልታው ይመስለዋል።

መስመሩ ካልተደበቀ ትርሲት ምልክት አትጽፍ፤ ትርሲት ምልክት ካልጻፈች አምሃ መልስ አያገኝ።

ይህን ሁሉ የነገረችው ለተማሪዋ ለእትዬ ብርዛፍ ነው። እትዬ ብርዛፍ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። መንዳት የሚማሩት ልጆቻቸው "በዚህ ዕድሜሽ?" ስላሏቸው ነው። አንድ አመል አለባቸው፤ ሲደነግጡ እግራቸው ፍሬኑን ይረሳል፣ እጃቸው ግን ክላክሱን አይረሳም። የመለማመጃውን ሜዳ ሲዞሩ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ያውቃቸዋል።

"ሄደሽ ፊት ለፊት ጠይቂያቸው" አሏት። "በስልክ የተለመነ እዚያው ስልኩ ውስጥ ይቀራል።"

ሄደች።

የዳግም ቢሮ ከአንድ ሕንፃ አናት ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። መጀመሪያ ያገኘችው ረድኤትን ነው፤ የመተግበሪያውን መልክ የምትሥለውን ወጣት። ረድኤት አዳመጠቻት፤ እርሳሷን እያሽከረከረች ሰማቻት። መጋረጃው እንዴት እንዲሆን እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ትርሲት ነገረቻት፦ ምልክቱ ይጻፍ፣ ግን ይሸፈን፤ ስፈልግ በራሴ እጅ ለአንድ ሰው ልግለጠው፤ ስፈልግም መልሼ ልጋርደው።

ረድኤት ሐሳቡን ወደደችው። አልሥልም አለች እንጂ። ባለፈው ዓመት አንድ ነገር ያምራል ብላ ሣለች፣ ሚልክያስ አይሠራም ብሎ ጣለው፣ ስብሰባ ላይ ተሳቀባት። ሚልክያስ ቋጠሮውን ካልፈታ እኔ በባዶ ግድግዳ ላይ መጋረጃ አልሰቅልም አለች።

ሚልክያስ ቋጠሮ ካልፈታ ረድኤት መጋረጃ አትሥል፤ ረድኤት መጋረጃ ካልሣለች መስመሩ አይደበቅ፤ መስመሩ ካልተደበቀ ትርሲት ምልክት አትጽፍ፤ ትርሲት ምልክት ካልጻፈች አምሃ መልስ አያገኝ።

ሚልክያስ ፕሮግራመሩ ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ ጠረጴዛው ላይ የተነከሰ ሳንቡሳ። ዞር ሳይል ነበር የሰማት። ምልክት ከሁሉም ነገር ጋር የተቋጠረ ነው አለ፤ ከመግቢያው ጋር፣ ከፍለጋው ጋር፣ ከእገዳው ጋር። አንዱን ክር ቢስብ ሌላው ይተረተራል፤ ሲተረተር ደግሞ የሚጠየቀው እሱ ነው።

"አንተ የት ነው የምትኖረው?" አለችው ትርሲት።

አሁን ዞረ። "ለምን ፈለግሽው?"

"አየህ፤ ሲጠይቁህ ደስ አይልም።"

ሚልክያስ ሳንቡሳውን አየ። ከዚያ እሷን አየ። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም አለ፤ አቶ ሰይፈ ይዘዙኝ፣ ዛሬውኑ እፈታዋለሁ። ካላዘዙኝ ግን ጣቴን አላነሣም።

አቶ ሰይፈ ካላዘዙ ሚልክያስ ቋጠሮ አይፈታ፤ ሚልክያስ ቋጠሮ ካልፈታ ረድኤት መጋረጃ አትሥል፤ ረድኤት መጋረጃ ካልሣለች መስመሩ አይደበቅ፤ መስመሩ ካልተደበቀ ትርሲት ምልክት አትጽፍ፤ ትርሲት ምልክት ካልጻፈች አምሃ መልስ አያገኝ።

አቶ ሰይፈ ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ውሃ አስቀረቡላት። ወንበር ሳቡላት። ሁሉንም ነገር ሰጧት፣ ከፈለገችው በቀር። ምልክቱ የዳግም መለያ ነው አሉ፤ ማስታወቂያው ላይ አለ፤ የድርጅቱ ባለቤት አቶ ልዑልሰገድ በሄዱበት ሁሉ የሚያወሩት ስለ እሱ ነው። እኔ ማዘዝ ብፈልግ እንኳ አቶ ልዑልሰገድ እሺ ካላሉ የኔ ትእዛዝ ከደረጃው በታች አይወርድም አሉ።

"ደግሞስ" አሉ አቶ ሰይፈ፣ ሊያጽናኗት ብለው፣ "እሳቸው ራሳቸው አሉበት እኮ። ከሚስታቸው ከተለያዩ በኋላ ገብተዋል። ምልክታቸውን እንደማንኛውም ሰው ጽፈዋል። ምን ደረሰባቸው?"

ትርሲት ውሃውን ጠጥታ ጨረሰች። ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

አቶ ልዑልሰገድን በቢሮ ለማግኘት ቀጠሮ ያስፈልጋል ተባለች። ቀጠሮ የሚሰጠው ጸሐፊያቸው ደግሞ በቀጠሮ ነው የሚገኘው።

አቶ ልዑልሰገድ እሺ ካላሉ አቶ ሰይፈ አያዙ፤ አቶ ሰይፈ ካላዘዙ ሚልክያስ ቋጠሮ አይፈታ፤ ሚልክያስ ቋጠሮ ካልፈታ ረድኤት መጋረጃ አትሥል፤ ረድኤት መጋረጃ ካልሣለች መስመሩ አይደበቅ፤ መስመሩ ካልተደበቀ ትርሲት ምልክት አትጽፍ፤ ትርሲት ምልክት ካልጻፈች አምሃ መልስ አያገኝ።

ደረጃው ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች። መጻፍ አትችልም። ማየት ግን ትችላለች።

ፎቶው ላይ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። "ልዑል። ሁለት ልጆች አሉኝ። ቁም ነገረኛ እፈልጋለሁ።" ከሥሩ ደግሞ ያ መስመር፦ "ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጀርባ፣ በሁለቱ ጽዶች መሀል፣ አረንጓዴ በር።"

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ብርዛፍ ለልምምድ ሲመጡ ትርሲት ዛሬ ሜዳው ላይ አንዞርም አለቻቸው። ወዴት ነው ሲሏት ነገረቻቸው። አዋላጅዋ ነጠላቸውን አጣፉ። ሽማግሌ መላክ ያለ ነው፤ አሮጊት ይዞ መሄድ ግን አዲስ ነው ብለው ሳቁ፤ መሪውን ያዙ።

ነዱ። ጣራው ላይ "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ። ሁለት ጊዜ ሞተሩ ጠፋ። አንድ ጊዜ ታክሲ ሰደባቸው፤ እትዬ ብርዛፍ መልሰው ሲሰድቡ መሪውን ለቀቁ። መዋዕለ ሕፃናቱ። ጀርባው። ሁለት ጽዶች። አረንጓዴ በር። ሰው ቤቱን በደንብ ከተናገረ ልምድ የሌለው ሾፌር እንኳ አይስተውም።

ትርሲት ወርዳ አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። ከውስጥ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ተከፈተችና የጥበቃው የጋሽ በዳዳ ዓይን ታየ።

ጋሽ በዳዳ በማንኳኳት በር አይከፍቱም። የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች እያንኳኩ ሲሮጡ፣ ጋሽ በዳዳ ሲከፍቱ፣ ልጆቹ ሲስቁ ኖረዋል። ስለዚህ ቁርጥ አድርገዋል። ውሻው ደፋር ከጮኸ እንግዳ ነው፤ ደፋር ካልጮኸ ልጆች ናቸው።

"እኔ ልጅ እመስላለሁ ጋሼ?" አለች ትርሲት።

"ደፋር አልጮኸም" አሉ ጋሽ በዳዳ። መስኮቷ ተዘጋች።

ደፋር እዚያው ነው። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ይታያል፤ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የተኛ፣ ከስሙ በቀር ምንም ድፍረት የሌለው። ትርሲት አፏጨችለት። አንድ ጆሮውን አነሣ። ጠጠር አንከባለለችለት። አሸተተው። ለምሳ የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ ወረወረችለት። በላው፤ አመስግኖ ተኛ።

ደፋር ካልጮኸ ጋሽ በዳዳ በር አይከፍቱ፤ ጋሽ በዳዳ በር ካልከፈቱ አቶ ልዑልሰገድ አይወጡ፤ አቶ ልዑልሰገድ ካልወጡ እሺ አይሉ፤ እሳቸው እሺ ካላሉ አቶ ሰይፈ አያዙ፤ አቶ ሰይፈ ካላዘዙ ሚልክያስ ቋጠሮ አይፈታ፤ ሚልክያስ ቋጠሮ ካልፈታ ረድኤት መጋረጃ አትሥል፤ ረድኤት መጋረጃ ካልሣለች መስመሩ አይደበቅ፤ መስመሩ ካልተደበቀ ትርሲት ምልክት አትጽፍ፤ ትርሲት ምልክት ካልጻፈች አምሃ መልስ አያገኝ።

ሁሉም ነገር አንድ ሰነፍ ውሻ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ትርሲት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ትመለስ? ምልክቷን ትጻፍ? ወይስ አምሃ ይቅርባት? ልጇ በአዲሱ ቤት መስኮት ከፍታ መተኛት የጀመረችው ገና በዚህ ሰሞን ነው።

መኪናው ውስጥ የነበሩት እትዬ ብርዛፍ ሰለቻቸው። ትርሲት እስክትጨርስ መኪናውን ላዙረው ብለው አሰቡ። ሞተሩን አስነሡ። ወደ ኋላ ይሄዳል ያሉት መኪና ወደ ፊት ሄደ። ደነገጡ። እግራቸው ፍሬኑን ረሳ።

እጃቸው ግን ክላክሱን አልረሳም።

ክላክሱ ጮኸ፤ አላቋረጠም። የመኪናው አፍንጫ አረንጓዴውን በር ኳ አድርጎ ሳመውና ቆመ።

ክላክሱ ደፋርን አስበረገገ፤ ደፋር ጮኸ። ደፋር ቢጮኽ ጋሽ በዳዳ በር ከፈቱ፤ ጋሽ በዳዳ በር ቢከፍቱ አቶ ልዑልሰገድ ወጡ፤ በቁምጣ፣ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ።

በሩን አዩ። መኪናውን አዩ። "ለማጅ" የሚለውን አነበቡ። ከዚያ ትርሲትን አዩ፤ የማያውቋትን ሴት።

"ማነሽ? ቤቴን ማን ነገረሽ?"

"እርስዎ" አለች ትርሲት። ስልኳን አዙራ አሳየቻቸው። ሁለቱ ጽዶች። አረንጓዴው በር።

አቶ ልዑልሰገድ አነበቡት። የራሳቸውን ቃል፣ በሰው እጅ ላይ። ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ከፎቅ መስኮት የአንዲት ልጅ ድምፅ መጣ።

"አባዬ፣ ማናት?"

ቀና ብለው መስኮቱን አዩ። ከዚያ መንገዱን። ከዚያ እንደገና መስኮቱን።

ትርሲት ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔ የመጣሁት በቀን ነው። ሽማግሌ ይዤ ነው። ደጅ ቆሜ አንኳኩቼ ነው። የእኔን ምልክት ያነበበው ሰው ግን አላንኳኳም። ተቀምጦ ልጄን ጠበቃት።"

ነገረቻቸው። ወፍጮ ቤቱን፣ እህል የሌለውን ሰው፣ የተለቀቀውን ቤት። አረፋው ፊታቸው ላይ ደረቀ። ምልክት ከጠፋ አታላዩ ይሞላብናል፣ እንዴት እንተማመን ብለው ተከራከሩ፤ ግን ዓይናቸው ከመስኮቱ አልወረደም።

እትዬ ብርዛፍ ከመኪናው ወረዱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ይጥፋ ማን አለ ልጄ? እኔን የዳረችኝ አገናኝ የሁለታችንንም ቤት ታውቅ ነበር። እኔ የእሱን አላውቅም፤ እሱም የኔን አያውቅም፤ እሺ እስክል ድረስ። ለናንተ ይነገር እንጂ ለገበያ አይነገር። እናንተ እኮ የባህሉን ግማሽ ይዛችሁ ነው የሮጣችሁት።" ከዚያ ወደ በሩ ዞር አሉ። "ቀለሙን እከፍላለሁ።"

አቶ ልዑልሰገድ አረፋውን በክንዳቸው ጠረጉ። ስልክ አምጡልኝ አሉ።

አቶ ልዑልሰገድ እሺ አሉ፤ እሺ ቢሉ አቶ ሰይፈ አዘዙ፤ አቶ ሰይፈ ቢያዙ ሚልክያስ ቋጠሮውን ፈታ፤ ምንም ነገር አልተተረተረም፣ ራሱም ገረመው። ሚልክያስ ቋጠሮውን ቢፈታ ረድኤት መጋረጃውን...

ረድኤት መጋረጃውን አልሣለችም። ሥላ አስቀምጣው ነበር። ትርሲት ከቢሮው በወጣችበት ቀን ነው የሣለችው፤ መሳቢያዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። በጣት ሳብ ሲደረግ የሚገለጥ፣ ሳብ ሲደረግ የሚጋረድ፣ ምልክቱን ለዳግም ብቻ የሚናገር። ሰው ሁሉ እኩል የሚያገኘው፤ አቶ ልዑልሰገድም ጭምር። የመጀመሪያውን መጋረጃ ያወረዱት እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቁም? በከተማው ሁሉ፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ከዝግባዋ ግራ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ከቀዩ በር፣ ከቢጫው በር፣ መጋረጃ በመጋረጃ ላይ ወረደ። ፈትታ የተገላገለች ጋረደች። ሚስት የሞተችበት ጋረደ። ለልጆቿ ስትል ከበረቱ ወጥታ የነበረች ተመልሳ ገባች። እህል የሌለው ሰው በሌላ ስሙና በሌላ ፎቶው ገብቶ ፈለገ፣ ፈለገ፤ ያየው ጨርቅ ብቻ ነው። ከተማው እንዳለ መስኮቱን ዘግቶበት ጠበቀው።

ትርሲት ሜዳው ዳር ተቀምጣ አዲሱን ምልክቷን ጻፈች። እውነቱን። ጋረደችው። መተግበሪያው አፏን ፈታላት።

የአምሃ ጥያቄ እንደተቀመጠ ነበር። መኪና የሚፈራ ሰው ታስተምሪያለሽ?

"የማስተምረው የሚፈራውን ነው" ብላ ጻፈች። "የማይፈራው ነው የሚገድለኝ።"

ጠበቀች። እትዬ ብርዛፍ ክላክስ እያሰሙ ሜዳውን ዞሩ። ፍየሎቹ ሸሹ።

መስመሩ ተደበቀ፤ መስመሩ ቢደበቅ ትርሲት ምልክት ጻፈች፤ ትርሲት ምልክት ብትጽፍ አምሃ መልስ አገኘ።

መልሱን አንብቦ፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ፣ አንድ ነገር ጠየቃት። ቤትሽ የት ነው አላለም።

"የምታስተምሪበት ሜዳ የት ነው?" አለ።

ተረቴን መልሱ፤ በሰው ደጅ ግን ሳትጠሩ አትድረሱ።